ያዞርኩት እኔ ነኝ

የጋሽ በራሶን ሞት የነገረኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። የባጃጅ መለዋወጫ የምሸጥበት ሱቄ በር ላይ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። የዲላ ባጃጅ ሹፌር ሞተር ካጠፋ ደግ ነገር ይዞ አልመጣም። «ነስሩ፣ ታወር አረፈ» አለኝ። በከተማችን ባጃጅ የሚነዳ ሁሉ ታወር እያለ ነው የሚጠራው፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። በእጄ የፍሬን ሸራ ይዤ ነበር፤ ለየትኛው ደንበኛ እንደሰጠሁት ዛሬም አላስታውስም።

ሆስፒታል ተኝቶ ሰንብቷልና ዱብ ዕዳ ነው አልልም። በዋዜማውም እጁን ይዤ ነበር። ግን ሊሞት ነው ማለትና ሞተ ማለት ምን አገናኛቸው? በሩን ቀርቅሬ፣ ጎማ መደራረቢያው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ጋሽ በራሶ ዕድሜውን የጨረሰው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ሆኖ ለአውሮፕላኖች መንገድ ሲሰጥ ነው። ትልቅ ትልቁን፣ ባሕር ተሻግሮ የሚሄደውን አልነበረም። የእሱ ድርሻ በአገር ውስጥ ወጣ ብሎ የሚመለሰው ነበር፤ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ጂንካ። እኔም አባቴ «ሱቁን ተረከበኝ፣ ደከመኝ» ብሎ እስኪጠራኝ ድረስ አዲስ አበባ ከእሱ ጎን ተቀምጬ ይህንኑ ሥራ ተምሬያለሁ። እሱም የዲላ ሰው ነውና የዲላ ልጅ መሆኔን የሰማ ቀን ደስ ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። «እንግዲያው አንተን እጥፍ ነው የምቆጣህ» አለኝ። ቃሉን አላጠፈም፣ ወላሂ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል የሚያደርግ ሰው ነበር። ሬዲዮ ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል። መንገድ ከሰጠ በኋላ ሌባ ጣቱን ከጠረጴዛው ላይ ያነሳና ፓይለቱ የተባለውን አንድ በአንድ ደግሞ እስኪጨርስ እንዳነሳ ይቆያል፤ ሲጨርስ ጣቱ ይወርዳል። ይህ አመሉ ምግብ ቤትም ይከተለው ነበር። አስተናጋጇን «አንድ ሽሮ፣ አንድ ውሃ» ይላታል፤ ከዚያ ጣቱን አንስቶ «ምን አልኩሽ?» ይላል። ዲላ ከተመለሰ በኋላ የሰፈሩ አስተናጋጆች ጆሮው የማይሰማ መስሏቸው እየጮኹ ነበር የሚያወሩት። እሱም «ለምንድን ነው እነዚህ ልጆች የሚቆጡኝ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር።

ሥራውን ላላየው ሰው በአጭሩ ልንገር። ረጅም በረራ ላይ ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ፓይለቱና ተቆጣጣሪው እየተነጋገሩ መንገድ ሊያስተካክሉ ይችላሉ። አጭር በረራ ላይ ግን አውሮፕላኑ ወጣ ከማለቱ መውረድ ይጀምራል። በመንገድ ለመከራከር ጊዜ የለም። ስለዚህ ከየከተማው ወደየከተማው አስቀድሞ ያለቀለት መንገድ አለ፤ በየት ተነስቶ፣ በምን ያህል ከፍታ፣ የት ላይ ታጥፎ እንደሚገባ የተወሰነ። የእኛ ሥራ የመንገዱን ስም መጥራት ነው፤ የፓይለቱ ሥራ መድገም ነው። የሚኒባስ ታፔላ በሉት። ታፔላው ሐዋሳ ካለ ሐዋሳ ነው፤ ተሳፋሪ ስለለመነ በሌላ በኩል አይኬድም።

ጀማሪ ሳለሁ ይህ ነገር ያበሽቀኝ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ በዚያ በኩል አንድም አውሮፕላን ሳይኖር፣ ምስኪኑን ፓይለት በዙሪያ የምንልከው ስለምንድን ነው? አንድ ቀን ይህንኑ ጠየቅሁት።

«ባዶ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ምንም አይታይማ፣ ጋሽዬ።»

«አንተ ስላላየኸው ነው ባዶ ያልከው» አለኝ። ከዚያ ከሥራ ስንወጣ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ሬዲዮ ይበላሻል። ከተራራው ጀርባ ያለው አውሮፕላን ደግሞ ስክሪኑ ላይ አይታየንም፤ የምናውቀው በድምፁ ብቻ ነው። ድምፁ የጠፋ ፓይለት የተሰጠውን መንገድ ይዞ ይሄዳል፣ እኛም ያንን መንገድ ከሌላው ሁሉ እንጠብቅለታለን። ባናየውም ባንሰማውም የት እንዳለ እናውቃለን። «መንገዱ የተሠራው ለዚያ ሰው ነው» አለኝ። እኔም ገባኝ አልኩ። ያኔ የገባኝ ግን ፈተና ለማለፍ ያህል ነበር።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ፤ ብዘላት ደስ ባለኝ።

ጋሽ በራሶ አንዲት እህት ነበረችው፤ እትዬ አበበች። ከወናጎና ከገደብ ቡና እየሰበሰበች የምትነግድ፣ ኮስታራ፣ ወንዶቹ ነጋዴዎች ሳይቀሩ የሚፈሯት ሴት ናት። እሱ ሚስቱ በጊዜ ሞታበት ልጅ ሳይወልድ ቀርቷል። ስለዚህ የእህቱን አንድያ ልጅ ሜሮንን አዲስ አበባ እቤቱ አምጥቶ፣ ልጄ እያለ፣ ዩኒቨርሲቲ እስክትጨርስ አስተማራት። እኔም አውቃታለሁ፤ ሳቂታ፣ አጎቷን «ምን አልኩህ?» እያለች ጣቷን አንስታ የምታበሽቀው እሷ ብቻ ነበረች። አግብታ ጂንካ ገባች። እዚያው ወለደች። ሕፃኗ ደህና ሆነች፣ የእናትየው ደም ግን አልቆም አለ።

ባልየው ተሯሩጦ ትንሽ አውሮፕላን አገኘ። እትዬ አበበች ጧት ወደ ሥራ ስንገባ ለወንድሟ ደወለች። በር ላይ አብሬው ቆሜ ስለነበር ድምፅዋ ይሰማኛል። እያለቀሰች አልነበረም። «በራሶ፣ ልጅህን በአየር እያመጧት ነው። አንተ እያለህ ምን ያስፈራኛል» አለችው። እሱም «እኔ ነኝ የምቀበላት» አላት። ስልኩን አጥፍቶ ገባ።

ክረምት ነው፤ ደቡቡን ደመና ውጦታል። ትንሿ አውሮፕላን ከጂንካ ተነስታ ድምፅዋን አሰማች፤ ፓይለቱ በሽተኛ መጫኑን ተናገረ። በዚያው ሰዓት ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ የመንገደኞች አውሮፕላን ነበር። ጋሽ በራሶ ጠራው። መልስ የለም። ደግሞ ጠራው። ዝም። ሬዲዮው ጠፍቷል፣ ከተራራው ጀርባ ስለሆነ ስክሪኑም ላይ የለም። ደመና ውስጥ፣ ሰው ጭኖ፣ የሆነ ቦታ እየወረደ ነው።

ይህን ጊዜ ነው የትንሿ አውሮፕላን ፓይለት በቀጥታ ልቁረጥ ያለው። ቀጥታው መንገድ ድምፁ የጠፋውን አውሮፕላን መንገድ አቋርጦ ያልፋል። ያለቀለት መንገድ ደግሞ በምዕራብ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። ጋሽ በራሶ ዓይኑን ጨፍኖ የዙሪያውን መንገድ ስም ጠራ። ፓይለቱ አልደገመም፤ በሽተኛዋ እየደከመች መሆኗን ተናግሮ እንደገና ለመነ። ጋሽ በራሶ ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ድምፅ፣ ደግሞ ጠራው። ጣቱ ከጠረጴዛው እንደተነሳ ነው። በመጨረሻ ፓይለቱ ደገመ። ጣቱ ወረደ።

እኔ መቀመጥ አቃተኝ። «ጋሽዬ፣ ተነስ፤ እኔ ልቀመጥ» አልኩት።

«ብትቀመጥ ሌላ መንገድ ትሰጣታለህ?»

«አልሰጥም» አልኩ።

«እንግዲያው አንተ ለምን ትነካካለህ» አለና ፊቱን ወደ ሬዲዮው መለሰ።

የመንገደኞቹ አውሮፕላን በሰላም አረፈ። የተበላሸው ሬዲዮው ብቻ ነበር። ሰዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ አንዳቸውም ምን እንደተደረገ አያውቁም። ሜሮን አዲስ አበባ ስትደርስ በሕይወት ነበረች። አምቡላንስ ውስጥ ሞተች። በቀጥታ ብትመጣ ትተርፍ ነበር ወይ? ሐኪሞቹን ጠየቅን፤ አንዱ ምናልባት አለ፣ አንዱ አይመስለኝም አለ። እስካሁንም ከዚህ ያለፈ የሚያውቅ የለም።

ለቅሶው ዲላ ነበር። አለቆቻችን ገና ከመነሳታችን ጋሽ በራሶን ጠርተው፣ የሠራኸው ደንቡ የሚለውን ነው፣ ማንም ቢጠይቅህ ደንቡ ነው በል ብለው መክረውታል። እኔም መኪና ውስጥ ይህንኑ ጨቀጨቅሁት። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ጢም ብሏል፤ እትዬ አበበች ከፊት ፍራሽ ላይ ናት፤ ፀጉሯን ተላጭታለች። ከኋላዬ የተቀመጡ ሰዎች ያወራሉ። ባልየው ከፓይለቱ ሰምቶ ኖሮ፣ አውሮፕላኗ በቀጥታ እንዳትመጣ ተከልክላ በዙሪያ ነው አሉ የመጣችው፣ የከለከለው ማን ይሆን፣ የእናት ጡት ነካሽ እያሉ ይረግማሉ። ጋሽ በራሶ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ሥራችንን የሚያውቅ ሰው በዚያ ድንኳን ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አልናገርም። ጋሽ በራሶ ግን ተነሳ።

«ያዞርኩት እኔ ነኝ» አለ።

አንድ ዘመዱ እጁን ይዞ ሊያስቀምጠው ሞከረ፤ ሐዘን አናውጦት ነው የሚዘባርቀው ብሎ። እሱ ግን እህቱን እያየ ደገመው። ደንቡ ነው አላለም። ሌላ አውሮፕላን ነበር አላለም። እትዬ አበበች አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙን ጠርታ አታውቅም፤ ግድ ከሆነባት «ያ ሰውዬ» ነው የምትለው።

ጡረታ ሲወጣ አዲስ አበባ ይቀራል ብዬ ነበር። የት! ዲላ ተመልሶ በወናጎ መውጫ በኩል፣ ከወላጆቹ ግቢ በደረሰው ቁራሽ ላይ ቤት ሠራ። ከእህቱ ግቢ የሚለየው የእንሰት አጥርና አንዲት በር ናት። በሯን እሷ በሚስማር አስመታቻት። ጧት ጧት በአጥሩ በኩል «አበቡ፣ እንዴት አደርሽ» ይላል። መልስ የለም። ዝናብ ይሁን ፀሐይ፣ ታሞም ቢሆን፣ እንዴት አደርሽን አላስታጎለም። አንዳንዴ እኔ እያለሁ ሲል እሰማና በአፍረት መግቢያ ይጠፋኛል። «ምነው ቢቀርብህ?» ብዬ ተቆጣሁት አንድ ቀን። «ድምፅዋ ጠፋ እንጂ የት እንዳለች አውቃለሁ» አለኝ።

ባጃጆቹ በአውሮፕላን መቆጣጠሪያው ማማ ስም ታወር ያሉት እዚሁ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ባጃጅና ባጃጅ እየተላተመ ሰው ሲሰበር፣ የሹፌሮቹ ማኅበር ሰውዬው የሰማይ ትራፊክ ነበር አሉ ብሎ ለመነው። እሱም መንገድ አበጀላቸው፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወጣው በዚህ፣ የሚመለሰው በዚያ፣ በገበያው መሐል አቋርጦ ማለፍ ለማንም የለም። ደግሞ ሁሉንም አሰልፎ ድገሙ አላቸው። ሳቁበት፣ ግን ደገሙ፤ መላተሙም ቀነሰ። ደስ ብሎት ያየሁት ያኔ ነው።

ደስታው አልበረከተም። አንድ ቀን አንዱ ሹፌር በገበያው መሐል ሲቆርጥ ያዙትና እሱ ፊት አቆሙት። ልጁ «ጋሼ፣ እናቴን ነው የጫንኩት፤ አሟት ነበር» አለ። ሁላችንም የጋሽ በራሶን ፍርድ እንጠብቃለን። ፊቱ አመድ መሰለ። ሳይፈርድ ዱላውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ መናኸሪያው ድርሽ አላለም።

ሽማግሌ የላክነው ይህን ካየሁ በኋላ ነው። ይህ ሰው ከእህቱ ሳይታረቅ ቢሞት ምን ይውጠኛል ብዬ አቶ ሽፈራው ዘንድ ሄድኩ። አቶ ሽፈራው በሰፈራችን የተከበሩ አስታራቂ ናቸው፤ ደም የተቃባ ሳይቀር በሶንጎው፣ በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ አቀማምጠው ያስማሙ። እሳቸው መክረው፣ ለምነው፣ ቆጥተው፣ እትዬ አበበችን አመጧት። ወንድሟ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ግን የምታየው አቶ ሽፈራውን ነው።

እኔ አላስቻለኝም፤ ስለዚያኛው አውሮፕላን፣ ስለ ሬዲዮው፣ ስለ መንገደኞቹ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አስጨርሳኝ፣ «አውቃለሁ ነስሩ። የልጄ ባል ነግሮኛል» አለችኝ። «እነሱ ሁሉ ቤታቸው ገቡ። አንዳቸው እንኳ ለቅሶ መጥተው ያውቃሉ?»

እሷ ቀጠለች። ካሣ አልፈልግም፣ መሬት ላይ ይውደቅልኝ አልልም፣ ድንጋይ ይሸከምልኝ አልልም አለች። «ተሳስቻለሁ ይበለኝ። እሷን ቃል ብቻ። አሁኑኑ ተነስቼ አቅፈዋለሁ።»

ከዚህ የቀለለ ፍርድ አቶ ሽፈራው ሰምተው የሚያውቁ አልመሰለኝም። ፊታቸው በራ። ሁላችንም ወደ ጋሽ በራሶ ዞርን። እሱ ዓይኑን ጨፈነ።

«አበቡ» አለ። «ልጄን ነው የቀበርኩት። ቀን የማላስታውሳት፣ ሌሊት የማላያት እንዳይመስልሽ። ተሳስቻለሁ ግን አልልሽም። ያ ቀን ዛሬ ቢመለስ ያንኑ መንገድ ነው የምሰጣት።»

እትዬ አበበች ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

እኔ ያን ዕለት ጠላሁት፤ አልደብቅም። አቶ ሽፈራው ደግሞ ተነስተው ጮኹበት። አንተ ሰውዬ፣ ቃል አይደለም እንዴ፣ ሰማይና ምድር ያልፋል፣ ለአንዲት እህትህ ብለህ አንዲት ቃል ብትዋሽ እግዜር ይቆጣሃል? አሉት። ጋሽ በራሶ እያለቀሰ ነበር፤ ሲያለቅስ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬም እዚያ ወንበር ላይ ናቸው አለ። በራሶ እንኳ ተሳስቻለሁ አለ ከተባለ፣ ነገ አንዱ ለወንድሙ ይቆርጥለታል፤ ደመናው ውስጥ ደግሞ ሰው አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ደግሞ እሷን መዋሸት አልችልም፤ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ውሸቴን ታውቃለች» አለ። አቶ ሽፈራው ባርኔጣቸውን አንስተው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሰውነቱ ሟሸሸ። ሳንባው ነው ተባለ፣ ልብ ነው ተባለ። እንዴት አደርሽ የሚለው ድምፅ እያነሰ እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ ከአጥሩ ማዶ መሰማቱን እንጃ። ሊጠይቀው የመጣ ሰው ስለ ሜሮን «ቀኗ ነበር፣ ምን ታደርገዋለህ» እያለ ሊያጽናናው ይሞክራል። እሱም «ቀኗን አላውቅም። መንገዷን ነው የማውቀው» ይላል። ሆስፒታል ስናስገባው እትዬ አበበች በሯ ላይ ቆማ አየችን። ወደ እኛ አልመጣችም፤ ግን መኪናው እስኪታጠፍ አልገባችም።

የሞተ ቀን ማታ መርዶውን ለማን እንንገር ብለን ተሰበሰብን። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። አንዳንዱ ከእህቱ ጋር ዘመን ሙሉ ተኳርፈው ምን መርዶ ያስፈልጋል፣ እንደ ጎረቤት ትስማ አለ። አቶ ሽፈራው ተቆጡ፤ ኩርፊያ ሥጋ አይቆርጥም፣ በወጉ ነው የምንነግራት አሉ። መርዶ ደግሞ በማታ አይነገርም። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ነጠላችንን ደርበን፣ ጥቂት ሰዎች ሆነን ግቢዋ ገባን።

ተነስታ ነበር። ገና ስታየን ገባት። አልጮኸችም። ግቡ አለችን፤ ገብተን ተቀመጥን። በመጨረሻ አቶ ሽፈራው ጉሮሯቸውን ጠራርገው በራሶ ማረፉን ነገሯት። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች፤ እንባም የላት። ዝምታው እንደከበዳቸው ገባኝ። ሽማግሌው የከረረውን ሁሉ ማስታረቅ የለመዱ ሰው ናቸው፤ ያቺን ሴት ከነቁስሏ ትተዋት መሄድ አልሆነላቸውም።

«አበበች ልጄ» አሏት። «አልጋው ላይ ሆኖ አንቺን ሲጠራ ነበር። በመጨረሻ ብሎልሻል። ተሳስቻለሁ፣ ለእህቴ ንገሩልኝ ብሎ…»

እስከ ዋዜማው አልጋው አጠገብ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አልወጣም። ግን አቶ ሽፈራውን ማን ያቋርጣል? እኔም ምናልባት ይሻል ይሆናል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

እትዬ አበበች ቀና አለች።

«ይቅር አላልኩትም» አለች። «ይቅር ሳልለው ነው የሞተው፤ ይህን ተሸክሜ እቀበራለሁ። ግን እሱ እንዲህ አላለም። ወንድሜን አትዋሹበት።»

እሷ ተነስታ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ጫማ ሳታደርግ ወደ ግቢው ወጣች፣ ከአጥሩ ሥር ቆማ «ወንድሜ» እያለች ጮኸች። ጎረቤቱ ሁሉ እየሮጠ መጣ። ጋሽ በራሶ ያን ሁሉ ዘመን ጆሮውን አቅንቶ የጠበቀው ድምፅ ነበር፤ እሱ ግን አልሰማውም።